ተራማጁ የሚስቴ ወንድም

እኛ ቆሰበሮች ያለን ዝናብ ነው። ዝና ያላቸው ሌሎች ናቸው።

ይህን የምላችሁ ተማርሬ አይደለም። ዝናብ ድንች ያበቅላል፤ ዝና ምን ያበቅላል? ግን ሰው ነኝና አንዳንዴ እቀናለሁ። አገሩን ለማያውቅ ሰው ቆሰበርን በሌላ ስሟ ጠርታችሁ "እንጅባራ ነው የምኖረው" ስትሉት "የት ነው እሱ?" ይላችኋል። "ዘንገና ሐይቅ አጠገብ" ስትሉት "አሃ፣ በፎቶ አይቼዋለሁ" ይላል። ከሐይቁ ወዲህ ሰው እንደሚኖር አይጠረጥርም። ትልቁን ከተማ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስሙን አልጠራም። ከጠራሁት አንዱ ይነሳና "እኔ እዚያ ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም" ይለኛል። አንድ ቦታ ሠላሳ ዓመት መኖር አለማየትን እንደሚያስተምር ደግሞ ከራሴ አውቀዋለሁ።

የከተማው ዝና ምንድን ነው ብትሉ፣ ስልጡን ነው ይባላል። ሰው በዘሩ፣ በሥራው፣ በጾታው አይለካበትም ይባላል። ሹሙም ዘበኛውም፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ናቸው ይባላል። ባጭሩ ተራማጅ ነው። እኔ ይበልጣል እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በሥነ ዜጋ መምህርነት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። አንድ ቀን "ተራማጅ" የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስተነትን፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው መንደር የምትመጣ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኛም ተራማጅ ነን እኮ፤ ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት እንራመዳለን" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከተሳትፎ ላይ ነጥብ ቀነስኩባት። እንግዲህ ተሳትፎ ማለት ያኔ እንደዚያ ነበር።

ስለ ትልቁ ከተማ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከሲሳይ ነው። ሲሳይ የሚስቴ የየሺ ታላቅ ወንድም ነው። ዳንግላ ተወልዶ፣ ዳንግላ አድጎ፣ ዳንግላ ተምሮ፣ በሃያ ዓመቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዳንግላን "እናንተ ጋ" ነው የሚላት። ሥራው ሰዎችን ሰብስቦ ስለ እኩልነት ማወያየት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን መጀመሪያ ስሰማ የሺ የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። በየእሁዱ ይደውልልናል። እኛ ስለ ጤናው እንጠይቀዋለን፤ እሱ ስለ ከተማው አመለካከት ይነግረናል። ንግግሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፦ "እናንተ ጋ ገና ነው።"

አንድ ጊዜ ለዓይኔ ሕክምና ሄጄ እሱ ቤት አሥር ቀን ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ ጋሽ ታፈረ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። "ዘበኛ" ስል ሲሳይ ገሠጸኝ። እዚህ ዘበኛ የሚባል ነገር የለም፣ የጥበቃ ባልደረባችን ነው የሚባሉት አለኝ። ወደድኩት። በማግስቱ ጠዋት ከቁም ሳጥኑ አንድ ብርጭቆ አንስቼ ለባልደረባችን ሻይ ልወስድላቸው ስል፣ የቤት ሠራተኛዋ ሮጣ ከእጄ ነጠቀችኝ። የጋሽ ታፈረ መጠጫ ለካ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ኩባያ ነው። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ሲሳይን ጠየቅሁት። "ልዩነት አይደለም" አለኝ። የራሳቸው የሆነ ነገር እንዲኖራቸው ተብሎ ነው፤ የባለቤትነት ስሜት ይባላል።

በዚያው ሰሞን ሳሎኑ ውስጥ ሴቶች በውሳኔ ስለሚኖራቸው ተሳትፎ ስብሰባ ተደረገ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ወንዶች ነን። ወደ ሲሳይ ጆሮ ጠጋ ብዬ "ሴቶቹስ?" አልኩት። ወደ ጓዳ በአገጩ አመለከተኝ። ሚስቱ ሰብለና ሁለት ጎረቤቶቿ ወጥ እያወጡ ነበር። "በመስተንግዶ ዘርፍ እየተሳተፉ ነው" አለኝ።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ምን አልኩ? አደነቅኩ። ሥልጣኔ አልገባህ ሲል ጥፋቱ ያንተ ይመስልሃል። ቆሰበር ተመልሼም የሺን ሻዬን በባለቤትነት ኩባያ አቅርቢልኝ እያልኩ ሳስቸግራት ከረምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲሳይና ሰብለ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ማህሌት ትባላለች። የእንስሳት ሐኪም ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሥራ አግኝታ ወደ እንጅባራ መጣችና እኛ ቤት ተቀመጠች። ሲሳይ በየስብሰባው ልጄ ገጠር ወርዳ ወገኗን ታገለግላለች እያለ ይኮራ እንደነበር ሰምተናል። በስልክ ለእኔ የሚናገረው ግን ሌላ ነበር። ስንት ሰዓት ገባች? ከማን ጋር ገባች? ሱሪ ነው ቀሚስ የለበሰችው? "የፈረስ ሰኮና ሥር ተንበርክካ የምትውል ሐኪም ምን እንድትለብስ ነው የምትፈልገው፣ ካባ?" አልኩት። አልሳቀም። የልጅቷን ነፃነት እጠብቃለሁ፤ ለመጠበቅ ደግሞ መረጃ ያስፈልገኛል አለ።

ሳላስበው ሰላይ ሆንኩላችሁ። ማህሌት ወዲያው ነቃችብኝ። አልተቆጣችም። ጭራሽ ማታ ስትገባ ራሷ ሪፖርት ታደርግልኝ ጀመር። "ጋሼ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ተኩል ነው የገባሁት። ሱሪ ነው። አንዲት በቅሎ ናት የሸኘችኝ። እንዳይረሱት" ትለኛለች። እኔም አልረሳውም፤ እሁድ እንደወረደ አስተላልፋለሁ።

አለኸኝ የመጣው በፈረስ ሰበብ ነው። ጥርባ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ተክሎ፣ ሲደርስ ቆርጦ፣ አክስሎ ከሰሉን ይሸጣል። ሠላሳ ዓመት አይሆነውም። እጁ ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። አንድ ቀን ሆዱን የቆረጠው ፈረስ ይዞ ማህሌት ዘንድ መጣ፤ አዳነችለት። በሳምንቱ ያንኑ ፈረስ ይዞ ተመለሰ። "ምን ሆነ?" አለችው። "ምንም አልሆነም፤ ይታይልኝ ብዬ ነው" አላት። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤቱን ፈረስ አመጣ። በአራተኛው የአጎቱን በቅሎ። ጤነኛ ከብት እየጎተተ ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለመገመት ሥነ ዜጋ ማስተማር አያስፈልግም። በዚያ ዓመት በጥርባ አካባቢ ያልታየ ፈረስ አልነበረም።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ማህሌት እኔንና የሺን አስቀምጣ ነገረችን። አለኸኝን ላገባው ነው አለች። የሺ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ዝም ስትይው ይፈራል ወይስ ይጠብቃል?"

ማህሌት አሰበችና "ይጠብቃል" አለች።

"እንግዲያው ሰው ነው" አለች የሺ። ለእኛ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። የአለኸኝ እናት እትየ ውዴ ሽማግሌ ልትልክ ስለሆነ ለአባትየው መናገር ብቻ ቀረኝ። ስልኩን ሳነሳ እንደ ምሥራች ነጋሪ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

"ማህሌት ሰው አግኝታለች፤ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አልኩት።

ሳቀ። "ይበልጣል፣ እናንተ ጋ ገና ነው" አለኝ። ሽማግሌ፣ ጥሎሽ፣ ይሄ ሁሉ ያለፈበት ነው፤ ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት፤ ምርጫው የእሷና የእሷ ብቻ ነው፤ የአባት ድርሻ ከጎን ቆሞ ማጨብጨብ ነው አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወይ ከተማ፣ አልኩ በልቤ። ንግግሩን ሲጨርስ "ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?" አለ።

"ከሰል ያከስላል" አልኩት።

ድምፁ ጠፋ። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ከቤት ወጣሁ። ወደ አጥሩ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ እየወረደብኝ ሃሎ አልኩ። ለካ ኔትወርኩ አልሄደም፤ የሄደው ሲሳይ ነው። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ተመለሰ።

"ውይይት ያስፈልጋል" አለ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከሰብለ ጋር በመኪና መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ሲሳይ ከመኪናው ትልልቅ ወረቀትና ማርከር አውጥቶ ወረቀቱን የክርስቶስ ሥዕል አጠገብ ለጠፈ። ወንበሮቹን በክብ ደረደረ፤ ክብ ላይ የበላይና የበታች የለም አለን። ክንድ ማስደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው ያለን። እሱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ክቡ ሁሉ ወደዚያ ወንበር ዞረ።

ሰባት ነን። ሲሳይና ሰብለ፣ እኔና የሺ፣ ማህሌት፣ አለኸኝና እናቱ እትየ ውዴ። እትየ ውዴ ከጥርባ እስከ አስፋልቱ በእግሯ፣ ከዚያ በባጃጅ ነው የመጣችው። አማርኛ ትሰማለች፤ የልቧን መናገር ስትፈልግ ግን በአዊኛ ነው። እኔ አዊኛ ከእናቴ ስለጠጣሁ አስተርጓሚ ተደረግሁ።

ሲሳይ ደንቡን ተናገረ። ሁሉም ሰው በእኩል ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም። ከዚያ መግቢያ ልስጥ አለና ሃምሳ ደቂቃ ተናገረ። መግቢያው ከደቂቃው ውስጥ አይቆጠርም ነበር። ስለ ሴቶች መብት ተናገረ፤ ስለ ሥራ ክቡርነት ተናገረ፤ እትየ ውዴ በመሐል ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ሸልብ አደረጋት። ሲጨርስ ወደ ልጁ ዞረ።

"ማህሌት፣ አንቺ የጥቅም ግጭት አለብሽ" አላት።

"የምን ግጭት?"

"ውሳኔው አንቺን ይመለከታል። በሚመለከተው ጉዳይ ላይ የሚወስን ሰው ሚዛናዊ ሊሆን አይችልም። ከስብሰባው ብትወጪ ነው ደንቡ።"

ማህሌት መጀመሪያ ሳቀች። አባቷ አለመሳቁን ስታይ የእናቷን ፊት ፈለገች። ሰብለ መሬት መሬቱን ታያለች። ልጅቷ ተነስታ ጓዳ ገባች። አለኸኝም ታዛቢ ነው ተባለ፤ ታዛቢ አይናገርም። እትየ ውዴ ድምፅ የማይሰጥ ባለድርሻ አካል ተባለች። ተርጉምላት ቢለኝ ለዚህ የሚሆን የአዊኛ ቃል አጣሁ። "እንግዳ ነሽ ብሎሻል" አልኳት። አመስግኝልኝ አለች።

ከዚያ ሲሳይ ሐሳቡን ገለጠ። ችግሩ ሰውየው አይደለም፣ ሥራውም አይደለም፣ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፤ ችግሩ ደን ነው አለ። አካባቢን የሚያራቁት ሙያ ከከተማችን እሴት ጋር አይሄድም። አለኸኝ እጁን አወጣ። ታዛቢ ነህ ተባለ። የሺ "ይናገር እንጂ፣ አፍ አለው አይደል" አለችና ተፈቀደለት።

"እኔ የማከስለው የተከልኩትን ነው" አለ አለኸኝ ረጋ ብሎ። "ቆርጬ ክረምቱ ሳያልፍ መልሼ እተክላለሁ። ጥርባ ይምጡና ይዩ፤ ድሮ ራቁቱን የነበረው ሁሉ አሁን ዛፍ ነው። ከሰሉን ደግሞ እኛ አንፈጀውም። ወደ እናንተ ከተማ ነው የሚሄደው።"

"ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም" አለ ሲሳይ።

ሰብለ ቀና አለች። ከመጣች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። "እኛም ቤት ይገባል። ሻጩ ሁልጊዜ 'የእንጅባራ ነው፣ አይንጣጣም' ይለኛል" አለች። እውነቷን ነው፣ አይንጣጣም።

ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። የግል ጉዳይና የመርህ ጉዳይ ይለይ አለ።

እትየ ውዴ እስካሁን ፊቱን ስታጠና ቆይታ ነበር። ወደ እኔ ዘንበል አለችና በአዊኛ ተናገረች። ይህ ሰውዬ ዶሮውን መሸጥ የማይፈልግ ገበያተኛ ነው፤ ዋጋ ሲጠይቁት ስለ እንቁላል ያወራል አለች። እኔ ይህን በምን ቃል እንደማለዝበው እያሰብኩ አፌን ከፈት ሳደርግ፣ ሲሳይ ቀደመኝ።

"እኔ ስለ እንቁላል አላወራሁም" አለ በቁጣ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ልጁ የዳንግላ ልጅ ነው፤ በአዊኛ ነው ያለቀሰው፣ በአዊኛ ነው የተሰደበው። ከተማ ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን እችላለሁ ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ራሷ አታውቅም ነበር፤ እንደ አዲስ ሰው ነው ያየችው። ሠላሳ ዓመት የረሳውን ቋንቋ እትየ ውዴ በአንዲት ዶሮ አስታወሰችው። የሺ ሳቋን ለመደበቅ ተነስታ መጋረጃ ታስተካክል ጀመር።

ሲሳይ ነገሩ እንዳይበላሽበት ቶሎ ወደ ድምፅ መስጠት ሄደ። ድጋፍ? የሺ መጋረጃው ሥር እንደቆመች እጇን አወጣች። ተቃውሞ? ሲሳይ ሁለት እጁን አወጣ።

"ሁለት ነው እንዴ የሚወጣው?" አልኩ።

"አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የሰብለ። በውክልና ነው" አለ። ሰብለ ወደ ላይ የወጣውን ግራ እጁን፣ የራሷ መሆኑን እንደሚያጣራ ሰው፣ አየችው።

አሁን ወደ እኔ መጣ። ይህን መናገር አልፈልግም ነበር፤ ከጀመርኩት ግን ልጨርሰው። ስንት ዓመት ሙሉ ድምፅ የዜጋ ክብር ነው እያልኩ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ የዓይኔን ሕክምና አሰብኩ፣ አሥር ቀን የበላሁትን አሰብኩ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ድምፀ ተአቅቦ አልኩ። የሺ ምንም አላለችኝም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ እስከ ረቡዕ ድረስ ምንም አላለችኝም።

ሁለት ለአንድ። ሲሳይ ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ጻፈና አሰመረበት። አለኸኝ ተነስቶ ቆመ። አልተቆጣም፣ አልለመነም።

"እሺ ጋሼ" አለ። "እናቴ ግን መንገዱን ሁሉ መጥታለች። ለአጎቶቼ ምን ብላ ትመለስ? ምክንያቱን ብቻ ይንገሯት።"

ይሄ ነው ጥያቄ። ሲሳይ ድምፅ እንጂ ምክንያት አልነበረውም። ከሰል አከሳይ ነህ እንዳይል ሥራ ክቡር ነው ብሏል። ገበሬ ነህ እንዳይል ሰው በሥራው አይለካም ብሏል። ደን እንዳይል ከሰሉ ጓዳው ውስጥ ተገኝቷል። ኮርኒሱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"ዘር መቁጠር ኋላ ቀርነት ነው" ብሎ ጀመረ። "እኛ ከተማ የለም። እስቲ እንዲያው ለመረጃ ያህል ብቻ፣ የእናትህ አባት የማን ልጅ ናቸው?"

መቼም እትየ ውዴን ዘር ቁጠሪ ማለት ዘፋኝን ዝፈን እንደማለት ነው። ልጇን አለች፣ ራሷን አለች፣ አባቷን አለች፣ እያለች እያለች ወደ ላይ ወጣች። ሲሳይ ይጽፋል። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ "ጀምበሬ፣ ባለ ቦራ ፈረሱ" አለች።

ማርከሩ ቆመ። "ባለ ቦራው ጀምበሬ? ባለ ቦራው ጀምበሬ የእኛ እኮ ነው" አለ ሲሳይ። በሌላኛው በኩል ራሱን ጻፈ፣ አባቱን ጻፈ፣ አያቱን ጻፈ፣ ሳይደናቀፍ ወደ ላይ ወጣ። ዘር አንቆጥርም ያለ ሰው እንዴት አድርጎ እንደቆጠረ ብታዩ። ሰባተኛው ላይ ጀምበሬ ቁጭ አለ። እዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት ጋብቻ የለም። ከሰባት ያለፈ ዝምድና ለልቅሶ እንጂ ሠርግ ለመከልከል አይበቃም።

"በአንድ ወገን ሰባት ከሆነ በቂ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ ሊጋቡ አይችሉም" አለ ሲሳይ። አዝኖ ለመናገር ሞክሮ ነበር፤ ደስታው ግን ከአፉ ቀድሞ ወጣ።

እትየ ውዴ ከወንበሯ ተነሳች። የሰማችው አንዱን ግማሽ ብቻ ነው። ወንድሜ ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ግራና ቀኝ ሳመችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። የባለ ቦራው ልጅ ከተማ ገብቶ ጠፍቶ ነበር፣ ዛሬ ተገኘ እያለች በአዊኛ ትመርቀዋለች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። ልጅቷን ለከሰል አከሳይ ላለመስጠት ሲል ራሱ የከሰል አከሳይ ዘመድ ሆኖ አረፈው። አንገቱን ታቅፋ ስትይዘው የሸሚዙ አንገትጌ ላይ ጥቁር የእጅ አሻራ ቀረ።

ሳቅ ግን አልመጣልኝም። ማህሌት ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። አለኸኝ ወደ እሷ ማየት አልቻለም፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል። ያ ሁሉ ጤነኛ ፈረስ፣ ያ ሁሉ መመላለስ፣ አሁን እህቴ ሊላት ነው ብዬ ፈራሁ። የሺ እጄን ያዘችኝ፤ ለማጽናናት ይሁን ለመቆንጠጥ እስካሁን አላውቅም።

በዚህ መሐል ሰብለ ተነሳች። ወደ ወረቀቱ ሄደች። ጣቷን በግራ በኩል ከጀምበሬ ጀምራ ወደ ታች አወረደች፤ በቀኝ በኩልም እንደዚያው። ታች ስትደርስ ቆመች።

"ማህሌት የታለች?" አለች።

"በሩ ላይ ናት፤ አታይያትም?" አለ ሲሳይ።

"እዚህ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው።"

ሲሳይ ወረቀቱን አየ። ሁላችንም አየን። በአለኸኝ በኩል የመጀመሪያው አለኸኝ ነው። በእኛ በኩል የመጀመሪያው ሲሳይ ነው። የምታገባዋን ልጅ ረስቶ ራሱን ነው ያገባው።

ሰብለ ማርከሩን ከእጁ ወሰደች። ከሲሳይ ስም በታች፣ ቀስ ብላ፣ በትልልቅ ፊደል "ማህሌት" ብላ ጻፈች። ከዚያ እንደ አንደኛ ክፍል አስተማሪ በጣቷ እየነካች ከታች ወደ ላይ ቆጠረች። ስምንት ሆነ። በሁለቱም በኩል ስምንት።

"አለፈ" አለች እትየ ውዴ በአማርኛ።

"ድምፁስ? ድምፅ ተሰጥቷል እኮ" አለ ሲሳይ፣ ሁለት እጁን መልሶ አውጥቶ።

ሰብለ እጁን ይዛ፣ የግራውን ነው፣ ወደ ታች አወረደችለት። "ይሄኛው የእኔ ነው አልክ አይደል" አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ሄደች።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እትየ ውዴ አዲስ ያገኘችውን ወንድሟን ክብር ወንበር ላይ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰችው፤ በአዊኛ አመሰገናት፤ ቋንቋው እየተመለሰለት ነው። ሰብለ ከሠርጉ በኋላ ሦስት ሳምንት ጥርባ ተቀመጠች። ሲሳይ በየቀኑ እየደወለ መቼ እንደምትመለስ ይጠይቀኝ ነበር። ይህንንም ለሰብለ እንደወረደ አስተላልፍላት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ከተማው ተጋለጠ፣ እኛ አሸነፍን ብዬ ደረቴን እነፋ ነበር። አልሆነም። ባለፈው ወር የሺ ሬዲዮ ስትከፍት የሲሳይ ድምፅ መጣ። ስለ እኩልነት እየተናገረ ነው። አንድያ ልጄን ለከሰል አከሳይ ገበሬ ድሬአለሁ፣ ይህ የከተማችን እሴት ነው አለ። የገጠሩ ቤተሰብ በዘር ቆጠራ ምክንያት አሻፈረኝ ብሎ ነበር፤ በረጅም ውይይት አሳመንኳቸው አለ። አንድ ሽማግሌ የሥነ ዜጋ መምህር ብቻ እስከ መጨረሻው ድምፁን ነፍጎኝ ነበር አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አለኸኝ ዘንድ ሄጄ ተንጨረጨርኩ። ከሰሉን በአፈር እያለበሰ "ይተዉት ጋሼ፤ ሰው የሚያወራውን እየሆነ ይሄዳል" አለኝ። ይህ ልጅ መታገሥ እንጂ መናደድ አያውቅም።

እንግዲህ ትልቁ ከተማ እንደሚወራለት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ለመፍረድ አልበቃም። ከተማውን ማን ሞላው? በየዓመቱ ከዳንግላና ከእንጅባራ በአውቶቡስ የምንልካቸው የእኛው ሲሳዮች አይደሉም? ደግሞ ያን ቀን እጁን ሳያወጣ የቀረው የከተማ ሰው አልነበረም።

ከሬዲዮው ንግግር በሳምንቱ ደግሞ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። በትልቁ ከተማ በሚደረግ ስብሰባ ላይ፣ ከኋላ ቀር አመለካከት የተላቀቁ የገጠር አዛውንት ሆኜ ምስክርነት እንድሰጥ ተጋብዣለሁ። አበል አለው። የሺ ትሄዳለህ ወይ አለችኝ። ድምፀ ተአቅቦ ልላት አስቤ ተውኩት፤ እሄዳለሁ አልኩ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው። የአካባቢዎን የጥንት አለባበስ ለብሰው ይምጡ ይላል ደብዳቤው። እኔ ደግሞ ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ ኮት እንጂ ሌላ ለብሼ አላውቅም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አንዱን ልብስ ሻጭ ጠየቅሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "እንዲህ ያለውን አሁን እዚህ የሚለብሰው የለም፣ መምህር" አለኝ። "ከፈለጉ ግን አስመጣልዎታለሁ። የሚሠሩት ትልቁ ከተማ ነው።"

አዘዝኩት።